ወተቷ የማይጠጣ ፍየል

ሰኞ ጠዋት ከነጌሌ ወጣ ብሎ በፊልቱ መንገድ ወዳለው የውሃ ምርምር ጣቢያ የተጠራነው አንዲት ፍየል ጠፋች ተብሎ ነው። እኔ ሳጅን ሚልኬሳ በዚህ ሥራ ላይ ስንት የፍየል ክስ እንዳየሁ ፈጣሪ ይወቀው። በእኛ አገር ለአንድ ፍየል ፖሊስ የሚጠራ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሌላ ጠብ ያለበት ሰው ነው። ስለዚህ ኢንስፔክተር ቦጋለች "ፍጠን" ስትለኝ ሳቄ መጣ።

"ፍየል ናት እኮ።"

"ዶክተሩ ሲደውልልኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር" አለች። "ለፍየል ማን ይንቀጠቀጣል?"

ቦጋለች የነጌሌ ልጅ ናት። አባቷ ከጉራጌ መጥተው እዚህ ጨርቅ ሲሸጡ የወለዷት፣ ከባንኮኒ ጀርባ ቆማ ማን ሊገዛ ማን ሊያታልል እንደመጣ መለየት የተማረች ሴት ናት። ኦሮምኛዋ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ለዋጋ ይበቃል፣ የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ለማውጣት ሲሆን እኔን ትጎትታለች። ፖሊስ የሆንነው በአንድ ዓመት ስለሆነ ብቻችንን ስንሆን አንቺ እላታለሁ፤ ሰው ፊት ኢንስፔክተር ናት። ነገር ሲከብዳት ከኪሷ ደረቅ ብስኩት እያወጣች ትቆረጥማለች።

በረቱ በሽቦ የታጠረ ነው። ሽቦው አልተነካም፣ ቁልፉም አልተሰበረም። ከበሩ ሥር አንድ ቢጫ የፕላስቲክ የጆሮ ምልክት ወድቋል። ቦጋለች አንስታ አገላበጠችው። በስለት ተቆርጧል፤ ደም የሚባል ነገር የለበትም።

"የቆረጠው ሰው ለጆሮዋ አዝኖላታል" አለች። "ሌላ የጠፋ አለ?"

"ግልገሏም የለችም። እሷ ግን ግድ የለም" አለ ዶክተር ሚናስ። የምርምሩ ኃላፊ ነው፤ ከመሐል አገር የመጣ፣ ቀጭን፣ መነጽሩን በየደቂቃው የሚጠርግ ሰው።

"ታዲያ ግድ የሚለው የትኛው ነው?"

"ፍየሏ ውስጥ ያለው።"

ቢሮው አስገብቶ አስረዳን። የሚሠሩት ለቆላው ኩሬዎች የሚሆን የውሃ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው ቆሻሻውን የሚይዘው በካርቦን ብናኝ ነው፤ ብናኙ ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ለሕዝቡ ከመታደሉ በፊት ግን መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ብናኙ ከማጣሪያው አምልጦ ሰው ቢጠጣው ሰውነት ውስጥ ወዴት ይሄዳል?

"ሰውነት ራሱ በካርቦን የተሠራ ነው" አለ ሚናስ። "በዚያ መሐል የኛን ካርቦን ለይቶ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ምልክት እናደርግበታለን። ጨረር የሚሰጥ አዮዲን እናጣብቅበትና በመርፌ እንሰጣለን፤ ከዚያ በዚህ ማሽን ከቆዳ ውጪ ሆነን እንከተለዋለን። ጉበት ደረሰ፣ ኩላሊት ደረሰ፣ ወተት ውስጥ ገባ፣ አልገባም እያልን።"

ማሽኑ የእጅ ባትሪ የሚያህል፣ ጨረር ሲያገኝ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ነው። ተመልሰን ወደ ባዶው በረቷ ሲያስጠጋው ገለባው ላይ ጠቅ ጠቅታው በዛ። እኔ ሳላስበው ወደ ኋላ ሄድኩ።

"ወተቷን ሰው ቢጠጣውስ?" አለች ቦጋለች።

"አዮዲኑ ከካርቦኑ ከተላቀቀ አንገት ላይ ያለችው ዕጢ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ያቺ እንቅርት የምታወጣዋ። ጨረሩ እየደከመ ይሄዳል፤ ግን ሳምንታት ይፈጅበታል። የተወጋችው ባለፈው ማክሰኞ ነው። ትልቅ ሰው ቢጠጣው ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል። ሕፃን ከሆነ ግን..." መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "ሕፃን ከሆነ ዛሬውኑ ማቆም አለብን።"

ቦጋለች ብስኩቷን አወጣች። ከዚያ ወዲያ እኔም አልሳቅሁም።

የበረቱ ቁልፍ ያለው ዋርዲያው ጋ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጣቢያው ዝግ ሲሆን ፍየሎቹን የሚመግበውም እሱ ነው። ስሙ ቦሩ ይባላል፤ ሃምሳ ዓመት የተጠጋው፣ ጥምጣሙን አሳምሮ የሚያስር ቦረና ነው። ፖሊስ ጣቢያ ወስደን አስቀመጥነው።

"አካም፣ ናጋ?" ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችው ቦጋለች።

"ናጋ፣ አዴ" አለ፤ አዴ እናቴ እንደማለት ነው።

"ፍየሏ የት ሄደች?"

"በሩን ዘጋሁ። ሲነጋ የለችም።"

ቦጋለች ሌላ አልጠየቀችም። ዝም ብሎ መቀመጥ ትችልበታለች፤ ደንበኛው ራሱ ዋጋ እስኪጨምር ዝም የሚል ባለሱቅ አይታችሁ ከሆነ እንደዚያ ነው። ቦሩ ጥቂት ቆይቶ በራሱ ጊዜ ተናገረ።

"ፍየሏ ደህና ናት። መርፌው እንደሆነ አልፏል።"

ዶክተሩን የሚያጽናና መስሎኝ ነገሩን አሳለፍኩት። ይሄ አማርኛው የሚሰባበርበት ሰውዬ ምን ያውቃል ብዬ ነው፤ እኔ ራሴ አማርኛ የተማርኩት ዋደራ ትምህርት ቤት በአለንጋ መሆኑን ረስቼ።

"ታስሩኛላችሁ?" አለ ቦሩ።

"ሌባ ከሆንክ።"

"እኔ ከታሰርኩ የእህቴ ልጆች ምን ይበላሉ?" አለና አንገቱን ደፋ። ከእሱ ሌላ ነገር ስላላገኘን ወደ ከብት ገበያው ወጣን።

እዚያ መጀመሪያ ስሙ የተነሳው አብዱልቃድር ነው። ፍየል በመኪና እየጫነ ወደ ሜጋ የሚልክ ነጋዴ ነው፤ እሁድ ጠዋትም አንድ መኪና ልኳል። ሚናስን ከነማሽኑ ይዘን ሄድን። ማሽኑ አብዱልቃድር ግቢ ውስጥ እዚህም እዚያም አንዳንዴ ጠቅ ከማለት በቀር ፀጥ አለ።

"ሳጅን፣ ምን ነካህ?" አለኝ አብዱልቃድር፤ የቆየ ትውውቅ አለን። "እኔ ሙክትና ወጠጤ ነው የምገዛ። የምታጠባ ፍየል መኪና ላይ የሚጭን ነጋዴ አይተህ ታውቃለህ? ደግሞ ከዓርብ ጀምሮ ክብረ መንግሥት ሠርግ ላይ ነበርኩ፤ የረዲን ልጅ ስንድር።"

ክብረ መንግሥት ደወልን፤ ረዲ "ሦስቱንም ቀን ከኔ ጋር ሲጨፍር ነበር፣ እንዲያውም ወገቡን አሞታል" አለን። ሜጋ ኬላም ደወልን፤ መኪናው ላይ የነበረው ሁሉ ተባዕት ነው። አብዱልቃድር ነፃ መሆኑን ሲያውቅ አፉ ተፈታ።

"ዘንድሮ ሁሉም ፍየል ጠፋኝ ባይ ሆኗል። ባለፈው ገበያ ያ ሽማግሌ ጋልጋሎ የየፍየሉን ጆሮ እያገላበጠ ሲያይ ነው የዋለው። ድርቅ ካለፈ ወዲህ ሰው የራሱንም የሰውንም ሸጧል፤ ማን ምን ይለያል?"

መኪና ውስጥ ስንገባ ቦጋለች ከብስኩቱ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

"ሌባ ግልገሏን ለምን ይወስዳል?"

"ሁለት ለመሸጥ ነዋ።"

"ግልገል ይዞ መሄድ ማለት መንገድ ሙሉ የሚጮህ ምስክር ይዞ መሄድ ነው። እናትየውን ብቻ ወስዶ አይጨርስም?"

አፈርኩ። ፍየል ሥር ያደግሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ያደገችው ጨርቅ ሥር ነው። "ግልገሏ አጠገቧ ካልሆነች ወተት አትለቅም" አልኳት። "ግልገሏን አስከትሎ የሄደ ሰው የሚፈልገው ወተቷን ነው።"

ከኋላችን የተቀመጠው ሚናስ መነጽሩን መጥረጉን ተወ።

ከገበያው ወጥተን ሥጋ ቤቱንና ምግብ ቤቱን ስናዳርስ ራሕማ ምግብ ቤት በር ላይ ማሽኑ ጮኸ። የራሕማን የፍየል ሾርባ የማያውቅ ነጌሌ ውስጥ የለም። ጠቅ ጠቅታውን የሰማ ተሰበሰበ፤ ተመጋቢው ከማንኪያው ላይ ቀና አለ። አንዱ "የተሰረቀችው ፍየል ድስት ውስጥ ናት" ማለት ጀመረ። ሚናስ ማሽኑን ድስቱ ላይ አደረገው፤ ዝም። ሥጋው ላይ አደረገው፤ ዝም። ራሕማ ልትከላከል ስትጠጋው ግን ማሽኑ ምጣድ ላይ እንዳለ በቆሎ ተንጣጣ።

ቦጋለች ሰውን ሁሉ አስወጥታ በሩን ዘጋች። "ወይዘሮ ራሕማ፣ እኔና አንቺ ብቻ ነን። እነዚህ ሁለቱን አትቁጠሪያቸው።"

ራሕማ ሻሿን ከአንገቷ ላይ ዝቅ አደረገች። አንገቷ በአንድ በኩል አበጥ ብሏል።

"አዲስ አበባ ታክሜ ነው የመጣሁ" አለች። "ዕጢዬን የሚያከስም ክኒን ነው አሉኝ፤ ዋጥኩት። ጨረር አለው አሉኝ። ሰው ቢሰማ ከቤቴ ማን ይበላል? ለዚያ ነው ዝም ያልኩ። ሐኪሞቹ ግን እንዳልፈራ ቁጭ አድርገው አንድ በአንድ ነገሩኝ። ድስቱ ላይ ሌላ ሰው እንዲቆም፣ ልጅ እንዳላቅፍ። ትንሿ ልጄን እህቴ ጋ የላክኋት ለዚያ ነው። ናፍቃኛለች።"

"አዮዲን ነው፤ የእኛው ዓይነት" አለ ሚናስ ቀስ ብሎ። "ከፍየሏ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።"

ቦጋለች በሩን ስትከፍት ሰዉ ገና እንደተኮለኮለ ነው። "ማሽኑ ተበላሽቶ ነው" አለች ጮክ ብላ። "ሾርባ አምጡልን።" ሦስታችንም ከሕዝቡ ፊት ጥርግ አድርገን በላን፤ ሚናስ ጨመረ። ከዚያ በኋላ ስለ ራሕማ አንገት የሰማሁት ወሬ የለም።

ቦጋለች መኪናውን እንዳስነሳ አልፈቀደችልኝም። ወደ ኋላ ዞራ ሚናስን አየችው።

"ራሕማ ልጇን ያራቀችው ስለተነገራት ነው። አንተ ለቦሩ ምን ብለህ ነገርከው?"

"ወተቷ እንደማይጠጣ ነግሬዋለሁ።"

"ለምን አይጠጣም ብለህ?"

"ቆሪቻ ተወግታለች አልኩት።" ቆሪቻ በኦሮምኛ መድኃኒት ማለት ነው። "ጨረር በኦሮምኛ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። ደግሞ ላስፈራው አልፈለግሁም፤ ቢፈራ ፍየሎቹን ማን ይመግብልኛል?"

የቦሩ ቃል ያኔ ጆሮዬ ላይ መጣ። መርፌው እንደሆነ አልፏል።

"ቦጌ" አልኳት፤ ሰው ፊት መሆናችንን ረስቼ። "የእንስሳት ሐኪሞች ያስተማሩን ነው። የታመመች ላም መርፌ ስትወጋ ወተቷ ሦስት ቀን አይጠጣም፤ ከዚያ ይጠጣል። ቆላ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ቦሩ ቀኑን ቆጥሮ፣ ጠብቆ ነው ያስወጣት።"

"የፍየሏ ፎቶ አለህ?" አለችው ሚናስን።

ስልኩ ላይ አሳየን። ከቢጫው ምልክት በላይ ጆሮዋ ጠርዝ ላይ የቆየ፣ የዳነ ቁርጥ አለ። "ይህን እኛ አይደለንም የቆረጥነው" አለ። "ከገበያ በደላላ ስንገዛት የነበረ ነው፤ እሾህ መስሎኝ።"

እሾህ አይደለም። ጎሳ በከብቱ ጆሮ ላይ የሚያደርገው ቁርጥ ነው፤ ባለቤቱ ከሩቅ ያውቀዋል። ጋልጋሎ ገበያ ውስጥ የፍየል ጆሮ ሲያገላብጥ የዋለበት ምክንያት ገባኝ።

ቦሩን ያገኘነው እንደተውነው ነው። ቦጋለች ወንበሯን አጠገቡ አድርጋ "ሚልኬሳ፣ በቋንቋው ንገረው፤ ሁሉንም" አለችኝ። ነገርኩት። ቆሪቻ እንዳልሆነ፣ በሦስት ቀን እንደማያልፍ፣ ወተቷ ውስጥ ሊወጣ እንደሚችል፣ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሕፃን እንደሆነ ነገርኩት። ሕፃን ስል ቦሩ ተነሳ።

"ሲንቄ" አለ። "ሲንቄ የምትባል አራስ ጋ ናት። ልጇ ገና ጨቅላ ነው። ጡቷ ደርቆባታል።"

የቀረውን መኪና ውስጥ፣ በመልካ ጉባ መንገድ ላይ እየበረርን ነገረን። ፍየሏ የጋልጋሎ ናት። ጋልጋሎ የቦሩን እህት ላገባው ለዱጋሳ በዳባሬ ሰጥቶት ነበር። ዳባሬ ማለት ላጣ ሰው የምትታለብ እንስሳ ማዋስ ነው፤ ወተቱ የተዋሰው፣ እንስሳዋና ግልገሏ የባለቤቱ። አትሸጥም። ዱጋሳ ድርቁ ሲጠናበት ሸጣት። ጣቢያው የገዛት እሷን ነው። ጋልጋሎ ሲፈልግ ሲፈልግ ቅዳሜ በሽቦው ውስጥ ጆሮዋን አየ።

"የራሱን ፍየል ስጠኝ ሲለኝ ምን ልበል?" አለ ቦሩ። "ለዶክተሩ ብነግር ማን ነው የሸጣት ይባላል። ዱጋሳ የሰው ዳባሬ የሸጠ ከተባለ ለእህቴ ቤት ዳግመኛ አንዲት ፍየል የሚያውስ የለም። ልጆቿ ወተት አያገኙም። የመርፌውን ጊዜ ጠይቆኝ አልፏል አልኩት። ምልክቱን ቆርጬ ፍየሏን ሰጠሁት። እሱም ለሲንቄ ላዋሳት ነው አለ። ደስ አለኝ፣ አዴ። ለሕፃን ነዋ።"

የቦሩ ዓይን መንገዱ ላይ ነው። 

ሲንቄ ቤት ስንደርስ ጋልጋሎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ፍየሏም ከነግልገሏ አጠገቡ ናት። "ሌባ ብላችሁ መጣችሁ?" አለ ሳይነሳ። "የገዛ ፍየሌን ነው የወሰድኩ።"

"እናውቃለን አባ፣ የእርስዎ ናት" አልኩት። "የመጣነው ለወተቱ ነው።"

ሚናስ ማሽኑን ፍየሏ ላይ አደረገ። በቀኝ ጎኗ፣ ጉበቷ ላይ ጮኸ። ወደ ጉሮሮዋ ሲወስደው የባሰ ጮኸ። ሚናስ ቆሞ ቀረ።

"ምንድን ነው?" አለች ቦጋለች።

"አዮዲኑ ተላቅቋል። ካርቦኑ የትም ይሁን የት፣ እኛ ስንከተል የቆየነው ምልክቱን ብቻ ነው።" ዓይኑ ወደ ፍየሏ ጆሮ ሄደ። "ቢጫው ምልክት ከእሷ ተላቅቆ በረት ውስጥ እንደቀረው።"

ሲንቄ ሕፃኑን አቅፋ ወጣች። ወጣት ናት፤ ባሏ ከብት ይዞ ርቋል። ሚናስ ማሽኑን ወደ ሕፃኑ አንገት አስጠጋ። እኔ ዝም እንዲል በልቤ እየለመንኩ ነበር።

ጠቅ ጠቅ አለ። እንደ ፍየሏ አይደለም፤ ግን አለ።

ሚናስ ወደ ቦጋለች ዞረ። "ትንሽ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ነው የጠጣው።"

"ለእኔ አይደለም" አለች። "ለእሷ ንገራት። ቆሪቻ የሚል ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ።"

መሬት ላይ ቁጭ አለና ነገራት። እኔ ተረጎምኩ። ጨረር የሚል ቃል እኔም በቋንቋዬ አላገኘሁም፤ ዓይን ሳያየው ሰውነት ውስጥ የሚገባ፣ እንደ ፀሐይ ሐሩር ያለ ነገር አልኩ። ሲንቄ አላቋረጠችንም።

"ልጄ ይሞታል?"

"አይሞትም" አለ ሚናስ። "ዛሬ አያመውም። ወተቱ ከአሁን ጀምሮ ይቁም። ነገ ራሴ ሆስፒታል እወስደዋለሁ። አንገቱን ግን ለብዙ ዓመት ማየት አለብን። ክፉ ነገር ሊመጣ ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል። ቢመጣ ቀድመን እንድናገኘው ነው።"

"ውሃ የሚያጠራው ነገራችሁ ለማን ነበር?"

"ለእናንተ። ለዚህ ኩሬ።"

"ታዲያ ለእኛ እንዴት አልተነገረንም?"

ሚናስ መነጽሩን አወለቀ፤ ሳይጠርገው ያዘው። 

የታለበው ወተት ከቤት ወጣ። ሚናስ ይፈሰስ ሲል ጋልጋሎ ወተት መሬት ላይ አይፈስም አለ። በበትሩ ጉድጓድ ቆፍሮ ዕቃውን ከነክዳኑ፣ ከነወተቱ ቀበረው። ከዚያ ወደ ቦሩ ዞሮ "ዱጋሳ ረሃቡን ቢነግረኝ ሌላ እሰጠው ነበር" አለ። ቦሩ ጥምጣሙን ፈትቶ ፊቱን ሸፈነበት፤ አለቀሰ።

በማግስቱ ለሲንቄ የምትታለብ ጤነኛ ፍየል ከራሱ በረት ያመጣው ጋልጋሎ ነው። የተወጋችዋን ግን ከነግልገሏ ወደ ምርምር ጣቢያው መልሰን አሰርናት። ቦጋለች መዝገቡን "ስርቆት የለም" ብላ ዘጋችው፤ ፍየሏን ማን ሸጠ የሚለው ቦታ ላይ "ከገበያ የተገዛች" ብላ አለፈች። ሚናስ ደግሞ የራሱን ጥፋት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲጽፍ አደረገችው፤ አልተከራከረም። ፕሮጀክቱ ታገደ። ጣቢያው ሲዘጋ ቦሩም ሥራ አጣ። ዛሬ አብዱልቃድር ግቢ ሙክት ይጠብቃል፤ ያስቀጠረችው ማን እንደሆነች አልናገርም።

ዝናቡ ጥሎ ሜዳው ሲለመልም ሚናስ በአውቶቡስ መጣ። መኪና አልነበረውም፤ ማሽኑን ግን ተውሶ ይዟል። ወደ ሲንቄ ቤት እኛ ወሰድነው። ልጁ ወፍሯል፤ የቦጋለችን ብስኩት ቀምቶ ይጠባል።

ሲንቄ ማሽኑን ከሚናስ እጅ ወሰደች። "እኔ ልስማው" አለች።

መጀመሪያ መዳፏ ላይ አደረገችው። ቆየት ብሎ ጠቅ አለ። ደነገጠች።

"እሱ የምድሩ ነው" አለ ሚናስ። "የትም ቦታ አለ። ሁላችንም ላይ እንደዚያ ይላል።"

የሚናስ አንገት ላይ አደረገችው፤ እንደዚያው። የእኔም ላይ ሞከረችው። ከዚያ ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከአገጩ ሥር አስጠጋችው።  ቆየት ብሎ ጠቅ አለ፤ ደግሞ ቆይቶ ጠቅ። ከእኛ አይበልጥም።

"ጨረሩ ወጥቷል" አለ ሚናስ። "አንገቱን ግን ማየታችንን አንተውም። በየዓመቱ እመጣለሁ።"

"ባትመጣስ?"

"እኔ ጎትቼ አመጣዋለሁ" አለች ቦጋለች።

ሲንቄ ቦጋለችን አየች፣ ሚናስን አየች። ማሽኑን ግን ወዲያው አልመለሰችም።